የባህር ውሃን ለመጠጥ ሲያጣሩ በቦሮን ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

የባህር ውሃ በሊትር ከ4.5 እስከ 5 ሚሊግራም ገደማ ቦሮን የሚባል ንጥረ ነገር አለው። ጥሩ የሪቨርስ ኦስሞሲስ ሜምብሬን (ውሃ በግፊት የሚጣራበት ስስ ሽፋን) ጨውን ከ99 በመቶ በላይ ያስቀራል፤ ቦሮን ግን ይሾልከዋል። ምክንያቱም አብዛኛው ቦሮን ቦሪክ አሲድ ሆኖ ነው ያለው፤ እሱ ደግሞ ደቃቅ ነው፣ ቻርጅም የለውም።

ግቡን ሳይለዩ መነሳት። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው መመሪያ ድሮ 0.5 ሚሊግራም ነበር፤ ከ2011 ጀምሮ 2.4 ሆኗል። ውሃው ለመጠጥ ብቻ ከሆነ አንድ ዙር፣ ማለትም በሜምብሬን አንዴ ማሳለፍ፣ ሊበቃ ይችላል። መስኖም ካለበት ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ሎሚና ብርቱካን ከ1 ሚሊግራም በታችም ይጎዳሉ።

ኮንዳክቲቪቲ (ውሃው ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙን) አይቶ መርካት። ቻርጅ የሌለውን ነገር መለኪያው አያየውም። ቦሮን በራሱ ምርመራ ይለካ፤ ናሙናውም በፕላስቲክ ጠርሙስ ይወሰድ። የላቦራቶሪ ብርጭቆ አብዛኛውን ጊዜ ቦሮሲሊኬት ስለሆነ ራሱ ቦሮን ይለቃል። ውጤቱ የተጻፈው በቦሮን ነው ወይስ በቦሪክ አሲድ የሚለውም ይታይ፤ 1 ሚሊግራም ቦሮን ማለት 5.7 ሚሊግራም ቦሪክ አሲድ ነው።

የካታሎግ ቁጥርን እንዳለ መቀበል። እዚያ ሜምብሬኑ ቦሮንን ያስቀራል ተብሎ የተጻፈው 90 በመቶ አካባቢ የተለካው በ25 ዲግሪ፣ በፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) 8፣ ከገባው ውሃ 8 በመቶው ብቻ ተጣርቶ ሲወጣ ነው። ጣቢያው 40 ወይም 45 በመቶ ሲያወጣና ውሃው ሲሞቅ ቁጥሩ ይወርዳል። ስሌቱ በዓመቱ ከፍተኛ ሙቀትና ባረጀ ሜምብሬን ይሠራ።

ኮስቲክ ሶዳን ያለ ቦታው መጨመር። ብዙ የሚያስከፍለው ይህኛው ነው። ፒኤች ሲጨምር ቦሪክ አሲድ ወደ ቦሬት ይለወጣል፤ ቦሬት ቻርጅ ስላለው ሜምብሬኑ ይመልሰዋል። ጨዉ በወጣለት ውሃ፣ በፒኤች 8 ቦሬት የሚሆነው 5 በመቶ ገደማ ነው፤ በ9.2 ግማሹ፣ በ10 ደግሞ 85 በመቶው። ይህን ያየ ሰው ሶዳውን በቀጥታ የባህር ውሃው ላይ መጨመር ያምረዋል። አይሆንም። በሊትር 1,300 ሚሊግራም ያህል ማግኒዥየምና 400 ሚሊግራም ካልሲየም ስላለ፣ ፒኤቹ 10 ሲጠጋ ሁለቱም ሜምብሬኑ ላይ ይጋገራሉ። ቦታው በመጀመሪያውና በሁለተኛው ዙር መካከል ነው፤ እዚያ ሲደርስ አብዛኛው ካልሲየምና ማግኒዥየም ተወግዷል።

እዚያም ቢሆን የፒኤች ሴንሰሩ ሶዳው በደንብ ከተቀላቀለ በኋላ ይተከል። ሶዳው የሚገባበት ቦታ አጠገብ ከሆነ ንባቡ ይዋልላል፤ ፓምፑም አንዴ ያበዛል፣ አንዴ ያሳንሳል። ወደ መጀመሪያው ዙር በሚገባው ውሃ ላይ አሲድ መጨመርም ኪሳራ ነው፦ ባይካርቦኔቱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ሜምብሬኑን ያልፍና ወዲያ ማዶ ሶዳውን ይበላዋል።

ሁሉንም ውሃ ለሁለተኛ ዙር መላክ። ሜምብሬኖቹ (ኤሌመንቶቹ) በተርታ ከተደረደሩበት ቱቦ፣ ከቬሰሉ፣ የፊት ኤሌመንቶች የሚወጣው ውሃ ቦሮኑ ዝቅተኛ ነው፤ ከኋላ ያለው ከፍ ይላል። የፊቱን በቀጥታ ለምርት ማዋል፣ የኋላውን ብቻ መድገም ይሻላል።

ሬዚኑን በሶዳ ብቻ ማደስ። ቦሮን በሬዚን፣ ማለትም ውሃው ሲያልፍበት ቦሮኑን በሚይዝ እንክብል፣ ሊወጣም ይችላል። ቦሮን የሚመርጠው ሬዚን ሜቲልግሉካሚን የሚባል ቦሮን ያዥ ኬሚካል ያለው ነው፤ ኔጌቲቭ ቻርጅ ያላቸውን የሚይዘው ተራው የአኒዮን ሬዚን አይተካውም። ሬዚኑ በቦሮን ሲሞላ ይታደሳል፦ መጀመሪያ አሲድ ቦሮኑን ያስለቅቀዋል፣ ቀጥሎ ሶዳ ሬዚኑን ለሥራ ይመልሰዋል። አሲዱን የዘለለ ሰው ቦሮኑን እዚያው ተወው ማለት ነው። ያገለገለው አሲድ ደግሞ በቦሮን የተሞላ ስለሆነ ወደ መግቢያው ገንዳ አይመለስ።