የደቡብ አፍሪካን የግድያ ቁጥር ስናነጻጽር ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከሆሳዕና ወይም ከዱራሜ ልጁን ወደ ደቡብ አፍሪካ የሸኘ ቤተሰብ የግድያ ዜና በሰማ ቁጥር ስልክ ያነሳል። «አንተ ያለህበት ግዛት እንዴት ነው?» ይላል። በየሎኬሽኑ (በጥቁሮች የመኖሪያ ሰፈሮች) ሱቅ ከፍተው ሲሠሩ የተገደሉ ወገኖቻችን ስላሉ ጥያቄው የጭንቀት ነው። መልስ ለመስጠት ቁጥር ስናነጻጽር ግን ደጋግመን የምንሳሳትባቸው ነገሮች አሉ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ብዛትንና መጠንን ማምታታት

የደቡብ አፍሪካ ፖሊስ ዓመቱን የሚቆጥረው ከኤፕሪል እስከ ማርች ነው። በ2022/23 የተመዘገበው 27,494 ነፍስ ግድያ ነበር። ይህ ለሕዝቡ ብዛት ተካፍሎ በ100,000 ሲባዛ መጠኑ 45 ገደማ ይመጣል፤ የዓለም አማካይ በ2021 5.8 ነበር። ጋውቴንግና ክዋዙሉ ናታል የተባሉት ግዛቶች ሕዝባቸው ብዙ ስለሆነ የሟቾቻቸውም ብዛት ትልቅ ነው። በቅርብ ዓመታት በመጠን ከፊት የምትገኘው ግን ኢስተርን ኬፕ ናት።

ሕዝቡ በጣም ትንሽ ሲሆን ደግሞ መጠኑ ራሱ ያሳስታል። በ1998 ቫቲካን ውስጥ አንድ ወጣት ዘብ አዛዡንና የአዛዡን ሚስት ገደለ። ነዋሪው ከ1,000 በታች ስለነበር በሁለት ሰው ሞት ብቻ የዓመቱ መጠን ከ200 በላይ ይወጣል። የአንዲት ትንሽ ከተማን የአንድ ዓመት አሃዝ ይዞ «ከዚህ የከፋ ቦታ የለም» ማለትም እንዲሁ ነው።

ከ1994 በፊት ያለውን አሃዝ እንዳለ መቀበል

ከሁሉ የከፋው ስህተት ይህ ይመስለኛል። «በአፓርታይድ ጊዜ ቢያንስ ሰላም ነበር» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ የድሮ የፖሊስ አሃዝ ይጠቅሳል። የአፓርታይድ መንግሥት ትራንስካይን፣ ቦፑታትስዋናን፣ ቬንዳንና ሲስካይን «ነጻ አገሮች» ብሎ ከአገሪቱ ቆርጦ ስለነበር፣ እዚያ የሚኖሩት ሚሊዮኖች ከአገሪቱ ቆጠራ ወጡ። የሞቱትም አብረው ወጡ። የጥቁሮች ሰፈር ውስጥ የነበረው ፖሊስ ዋና ሥራውም የይለፍ ወረቀት መፈተሽና ተቃውሞ መበተን ነበር፤ ገዳይ ፈልጎ መያዝ አልነበረም።

ከነጻነት በኋላ ያለው መንገድም አንድ አቅጣጫ የለውም። በ1994/95 ወደ 26,000 የነበረው ግድያ በ2011/12 ከ16,000 በታች ወረደ። ለዚህ አንዱ ምክንያት ተብሎ የሚጠቀሰው በ2000 የወጣው የጦር መሣሪያ ቁጥጥር ሕግ ነው። ከዚያ ተመልሶ ወጣ። ስለዚህ «ከነጻነት ወዲህ ዝም ብሎ ባሰ» የሚለው ትክክል አይደለም።

በአንድ ምክንያት ሁሉንም ማስረዳት

«ድህነት ነው» ማለት ቀላል ነው። ሊምፖፖ ከድሃዎቹ ግዛቶች አንዷ ሆና ሳለ የግድያ መጠኗ ግን ከሁሉም ዝቅተኛ ነው። ሀብታሟ ጋውቴንግ እጅግ ትበልጣታለች። «እንግዲያው የአፓርታይድ ቅርስ ነው» ብንልስ? የዛሬዋ ኢስተርን ኬፕ የድሮዎቹን ትራንስካይንና ሲስካይን ይዛለች፤ ሊምፖፖ ደግሞ ቬንዳን ይዛለች። ሁለቱም ተመሳሳይ ግፍ ደርሶባቸው አንዷ ከላይ፣ ሌላዋ ከታች ቆመዋል። ስለዚህ ታሪኩን በየቦታው ለብቻ ማየት የግድ ነው።

ለምሳሌ ኬፕ ታውን። በ1950 የወጣው ሕግ መኖሪያን በዘር ከፋፈለ። በ1966 ዲስትሪክት ሲክስ የነጮች ሰፈር ተብሎ ታወጀና ከ60,000 በላይ ሰው ተነቅሎ ኬፕ ፍላትስ ወደሚባለው አሸዋማ ሜዳ ተወሰደ። የአክስት ቤት፣ የጎረቤት ዓይን፣ ልጅን የሚቆጣ ሽማግሌ፣ ሁሉም ተበተነ። በዚያ ባዶ ቦታ የወንበዴ ቡድኖች ለወጣቱ ቤተሰብም ሥራም ሆኑለት። ኬፕ ታውን ባለችበት በዌስተርን ኬፕ ግዛት የወይን እርሻዎች ደግሞ ከሠራተኛው ደሞዝ ከፊሉ በወይን ጠጅ ይከፈል ነበር፤ ስካሩ ልማዱ ከቆመ በኋላም ቀጠለ። ክዋዙሉ ናታል ሌላ ነው፤ በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ መጀመሪያ የሁለት ተፎካካሪ ፓርቲዎች፣ የኤኤንሲና የኢንካታ፣ ደጋፊዎች ሲጋደሉ የተሠራጨው ጠመንጃና የለመደው እጅ፣ በኋላ በታክሲ ንግድና በአካባቢ ፖለቲካ የቅጥር ግድያ ሆኖ ቀጠለ።

በደንብ የሚቆጥርን በማይቆጥር መመዘን

ደቡብ አፍሪካ ቁጥሯን በይፋ ታወጣለች። የብዙ አፍሪካ አገሮች አሃዝ ግን ግምት ነው፤ ፖሊስ ያልደረሰበት ሬሳ አይመዘገብም። ዝቅ ያለ ቁጥር ሁልጊዜ ሰላም ማለት አይደለም።

የግዛትን አማካይ የአንድ ሰው ዕጣ አድርጎ መውሰድ

በአንዲት ኬፕ ታውን ውስጥ የጥቁሮች ሰፈር የሆነው ናያንጋና ከተራራው ሥር ያሉት የሀብታም ሰፈሮች የአንድ አገር አይመስሉም። ምክንያቱ በታወቀባቸው ግድያዎች ጠብ ትልቁን ድርሻ ይይዛል። ባለሱቁን የሚያሰጋው ግን በአብዛኛው ዘረፋ ነው። በሜይ 2008 በስደተኞች ላይ በተነሳው ጥቃት 62 ሰዎች ሲሞቱ 21ዱ ራሳቸው ደቡብ አፍሪካውያን ነበሩ። በፖሊስ ሠንጠረዥ ግን «ስደተኛ ነው ተብሎ ተገደለ» የሚል ዓምድ የለም። ስለዚህ ስልክ የሚደውል ቤተሰብ ከግዛቱ ስም ይልቅ ሱቁ በስንት ሰዓት እንደሚዘጋ፣ የዕለቱ ገንዘብ የት እንደሚያድር፣ ሌሊት ቢጮህ የሚወጣለት ጎረቤት እንዳለ ቢጠይቅ ይሻለዋል።