ኤሊዋ ታማለች፣ የደም ውጤቷ ግን ኔጌቲቭ ነው፤ ነገሩ እንዴት ነው?

አውሮፓ ውስጥ ሄርማን ወይም የግሪክ የሚባሉትን የኤሊ ዝርያዎች የሚያሳድጉ ሰዎች በጣም የሚፈሩት ሄርፐስ የሚባለውን ቫይረስ ነው። የሰውን ከንፈር የሚያቆስለው አይደለም፣ ኤሊዎች የራሳቸው አላቸው፤ በተለይ 3ኛው ዓይነት የሄርማን ኤሊ ላይ ከወጣ ይገድላል።

ምልክት፦ ምላሷና ላንቃዋ ላይ ቢጫማ ሽፋን፣ ለሃጭ፣ ንፍጥ፣ ምግብ እምቢ። ደሟ ግን ኔጌቲቭ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ደሙ ውስጥ ብዙውን ጊዜ የሚፈለገው ቫይረሱ ሳይሆን ሰውነቷ እሱን ለመከላከል የሚሠራው አንቲቦዲ ነው። ኤሊ ደግሞ ሁሉ ነገሯ ቀስ ብሎ ነው፤ አንቲቦዲው በምርመራ እስኪታይ ሳምንታት ይፈጃል፣ ብርድ ላይ ከሆነች ደግሞ ይባስ ይዘገያል። እና ሰሞኑን የታመመች ኤሊ ደሟ ንጹሕ ቢመስል አይግረማችሁ።

መፍትሄ፦ ሐኪሙ ከአፏ በጥጥ ናሙና ወስዶ ፒሲአር (ቫይረሱን ራሱን የሚፈልግ ምርመራ) ያሠራላችሁ፣ በኮቪድ ጊዜ ሁላችንም ያየነው ነው። እስከዚያው ለብቻዋ ትሁን፣ ሙቀቷም አይጓደል። ደሙን ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይታችሁ ድገሙት። የአንቲቦዲው መጠን ከመጀመሪያው በግልጽ ከጨመረ ኢንፌክሽኑ የቅርብ ነው ማለት ነው።

ምልክት፦ ኤሊዋ ደህና ናት፣ ፒሲአሩም ኔጌቲቭ፣ ደሟ ግን ፖዘቲቭ።

ይሄኛው ነው ሰውን የሚያሳስተው። ሄርፐስ አንዴ ከገባ አይወጣም፣ ተደብቆ ይቀመጣል። በዚያን ቀን አፏ ላይ ስላልነበረ ፒሲአሩ አላገኘውም እንጂ ተሸካሚ ናት፣ ዕድሜዋን ሙሉ። የግሪክ ኤሊዎች ብዙ ጊዜ ምንም ሳይሆኑ ይዘውት ይኖራሉ፤ አብራቸው ያለችው ሄርማን ናት የምትሞተው። መፍትሄው መለየት ነው፦ ግቢዋ ለብቻ፣ የውኃ ሳህኗ ለብቻ፣ ጤነኞቹን ቀድሞ መመገብ፣ እጅ መታጠብ። ለሌላ ሰው አትስጧት። ትገደል የሚሉም አሉ፣ እኔ በበኩሌ ቦታ ላለው ሰው አልመክርም።

የሩሲያ ኤሊ ከሆነች ደግሞ ደሙ ላይ ብዙ አትመኩ። እነሱን በብዛት የሚይዘው 1ኛው ዓይነት ነው፣ በሱ ሲያዙ አንቲቦዲው ብዙ ጊዜ በምርመራ አይታይም። ፒሲአር ይሻላል።

ምልክት፦ ላቦራቶሪው «ናሙናው አይሆንም» ብሎ መለሰ።

ወይ ቱቦው ነው፣ ወይ ደሙ የተቀዳበት ቦታ። ለውሻና ለድመት የተለመደው ኢዲቲኤ (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ኬሚካል) ያለበት ቱቦ የኤሊን ቀይ የደም ሴል ያፈነዳል፤ በእሱ ፋንታ ሊቲየም ሄፓሪን ያለበትን ጠይቁ። ከጀርባ ቅርፊቷ ሥር የተቀዳ ደም ሊምፍ (በሰውነት ውስጥ የሚዘዋወር ቀጭን ፈሳሽ) ይቀላቀልበትና ይቀጥናል፣ ከአንገት ደም ሥር ቢሆን ይመረጣል። መጀመሪያ ትመዘን፦ ለጤነኛ ኤሊ በ100 ግራም ክብደት ከ0.5 ሚሊ ሊትር በላይ ደም አይወሰድም፣ ለደከመች ደግሞ ከዚያ ያነሰ።

ንፍጥ ብቻ ከሆነስ? ማይኮፕላዝማም አብሮ ይመርመር፣ እሱ ባክቴሪያ ስለሆነ ሕክምናው ሌላ ነው። የትንሽ ኤሊ ቅርፊት ከለሰለሰ መጀመሪያ ካልሲየሟንና የዩቪ መብራቷን እዩ፤ እነሱ ደህና ከሆኑ ፒኮርና የሚባለውን ቫይረስ እንዲፈልጉላችሁ በስሙ ጠይቁ፣ የሄርፐስ ምርመራ እሱን አያሳይም።