የፊት መብራት ማብሪያ ሲግል፦ በአሮጌ ፒክአፕ ላይ ብልሽቱን የማግኛና የመጠገኛ መንገድ

የፊት መብራት አብርተው ግማሽ ሰዓት ያህል ከተጓዙ በኋላ ማብሪያው ወይም በመሪው ዙሪያ ያለው የፕላስቲክ ሽፋን እጅ የማያስነካ ሙቀት ካለው፣ ከክሩስኮቱ ሥር የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ከመጣ፣ ወይም መብራቱ በራሱ ጊዜ እየደበዘዘና እየጠፋ ተመልሶ የሚበራ ከሆነ፣ ጉዳዩን ነገ ዛሬ ሳይሉ መመርመር ይገባል። እነዚህ ምልክቶች ረጅም ዘመን ባገለገሉ ሃይሉክስ፣ ኤል 200፣ ኢሱዙና ኒሳን ፒክአፖች ላይ የተለመዱ ናቸው። ከአዳማ ተነሥቶ በወለንጪቲ በኩል ወደ መተሐራና አዋሽ በሌሊት የሚወጣ ሹፌር መንገዱን ከጅቡቲ መስመር ከባድ ተሽከርካሪዎች ጋር ስለሚጋራ፣ መብራት በድንገት ቢጠፋበት የሚያስከትለውን አደጋ ማስረዳት አያስፈልግም።

ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የሚላከከው በማብሪያው ላይ ነው። ባለንብረቱ ያገለገለ ማብሪያ ከመለዋወጫ ሱቅ ገዝቶ ያስቀይራል፤ ጥቂት ወራት አልፈው ሽፋኑ ሲፈታ የተተካውም እንደ ፊተኛው ቀልጦ ይገኛል። ይህ የሚሆነው ማብሪያውን ያቃጠለው ጭነት ወይም የላላ ንክኪ ሳይነካ በመቅረቱ ነው።

የኤሌክትሪክ ሙቀት ጎልቶ የሚፈጠረው መንገዱ በጠበበበት ቦታ ነው፤ ይኸውም በዛገ የሶኬት እግር፣ በላላ ብሎን፣ በተበላ የማብሪያ ንክኪ ወይም ከውስጥ ግማሹ በተበጠሰ ሽቦ ላይ ነው። የሙቀቱ መጠንም ከአምፔሩ ጋር እኩል አይራመድም፤ አምፔሩ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ለምሳሌ በባለ 12 ቮልት መኪና ላይ ሁለት ባለ 55 ዋት አምፖሎች በአጭር መብራት 9 አምፔር ገደማ ይስባሉ። ይህ ሁሉ በአንድ ማብሪያ ውስጥ ሲያልፍ ንክኪው የኤሌክትሪኩን ፍሰት በ0.1 ኦም ብቻ ቢያስቸግር (ኦም መንገዱ ፍሰቱን ምን ያህል እንደሚያግድ የሚለካበት ነው)፣ በዚያች ጠባብ ቦታ ላይ 8 ዋት ያህል ሙቀት ይፈጠራል። መንገዱ ወለል ብሎ ይታይልኝ ተብሎ ባለ 100/90 ዋት (ለረጅሙ መብራት 100፣ ለአጭሩ 90) አምፖል ሲገባ ደግሞ አጭሩ መብራት 15 አምፔር ገደማ ስለሚስብ፣ በዚያው ንክኪ ላይ የሚፈጠረው ሙቀት ከ22 ዋት ያልፋል፤ ይህም ትንሽ የስታኞ መበየጃ ከሚሰጠው ሙቀት ጋር የሚቀራረብ ነው። ፕላስቲኩ ቢቀልጥ የሚያስገርም አይደለም።

ፊውዙ ታዲያ ለምን አይበጠስም? ፊውዝ የሚያየው አምፔርን ብቻ ነው። የላላ ንክኪ በመስመሩ የሚያልፈውን አምፔር በጥቂቱ ይቀንሰዋል እንጂ አይጨምረውም፤ ስለዚህ ሶኬቱ እየቀለጠ ፊውዙ ደህና ሆኖ ሊቀጥል ይችላል። ከዚህም በላይ በብዙ የጃፓን ፒክአፖች ላይ የግራና የቀኝ መብራት ለየብቻው ባለ 10 ወይም ባለ 15 አምፔር ፊውዝ ሲኖረው፣ ማብሪያው ግን የሁለቱን ድምር ይሸከማል። ባለ 90 ዋት አምፖል በአንድ ጎን የሚስበው 7.5 አምፔር በመሆኑ ፊውዙ ምንም አይሰማውም። ፊውዙ በተደጋጋሚ የሚበጠስ ከሆነም አስቀድሞ የፊውዙ መቀመጫ ይታይ፤ መንጋጋው የላላ መቀመጫ እየጋለ ደህናውን ፊውዝ ያቀልጣልና። በዚያ ፈንታ ባለ 30 አምፔር ፊውዝ መሰካት ወይም ፊውዙን በቁራጭ ሽቦ መተካት በየጋራዡ ቢታይም፣ መኪናን ለእሳት አሳልፎ መስጠት ስለሆነ በምንም ምክንያት ሊደረግ አይገባም።

መብራቱ ጠፍቶ ከደቂቃ በኋላ በራሱ የሚበራ ከሆነ የመኪናው ዓይነት ለምርመራው ይጠቅማል። በአሮጌ የፎርድና የሼቭሮሌት ፒክአፖች ላይ በክሩስኮቱ ፊት የሚሳበው ማብሪያ በውስጡ ሲግል የሚያቋርጥ፣ ሲቀዘቅዝ ደግሞ መልሶ የሚያገናኝ መከላከያ አለው። በእነዚህ መኪኖች የመብራቱ ጠፋ በራ ማለት መስመሩ ከመጠን በላይ መጫኑን ወይም ማብሪያው ማርጀቱን ያመለክታል። እኛ ዘንድ በብዛት ያሉት የጃፓን ፒክአፖች ማብሪያቸው በመሪው ጎን ባለው ዘንግ ላይ ሆኖ የሚጠበቀው በፊውዝ ስለሆነ፣ ያው ምልክት ሲታይ መጀመሪያ ሊጠረጠር የሚገባው የላላ ንክኪ ነው።

ከመበተን በፊት መለካት

ሥራው የሚጀመረው በዓይንና በአፍንጫ ነው። ከባትሪው የነጌቲቩን ገመድ ፈትተው የመሪውን ሽፋን ያውርዱና የማብሪያውን ሶኬት ከነሽቦው ወደ ብርሃን ያውጡት። ጤነኛ ሶኬት ሁሉም ቀዳዳዎቹ አንድ ዓይነት ቀለም አላቸው። የታመመው ግን ከብዙዎቹ እግሮች መካከል በአንዱ ዙሪያ ብቻ ቡናማ ሆኖ፣ የቀዳዳው ጠርዝ እንደ ሰም ወደ ውስጥ ፈሶ ይታያል፤ የነሐሱ እግር ጠቁሮ መጨበጡን ትቷል፣ ወደ እሱ የሚገባው ሽቦ ሽፋንም ጣት ሲያጥፈው ደርቆ ይሰነጠቃል። በዚህ ጊዜ የሚቃጠለው መስመር የትኛው እንደሆነ ታወቀ ማለት ነው፤ የሽቦውን ቀለም ይጻፉት።

ቀጥሎ ቴስተር፣ ማለትም ቮልት መለኪያ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው አምፖሉን ነቅሎ ባዶውን ሶኬት በመለካቱ ነው፤ ጭነት የሌለበት መስመር ጨርሶ ካልተበጠሰ በቀር የቱንም ያህል ቢበላሽ ሙሉ 12 ቮልት ያሳያል። ስለዚህ ባትሪው ተመልሶ ታስሮ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ አጭሩ መብራት በርቶ፣ አምፖሉም እንደተሰካ ሆኖ ይለካ። ዲናሞው ጤነኛ ከሆነ በባትሪው ላይ ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት ገደማ ይነበባል። ከዚያ የቴስተሩን ቀይ ጫፍ በባትሪው ፖዘቲቭ ላይ፣ ጥቁሩን ደግሞ በአምፖሉ ሶኬት ጀርባ በኩል በፖዘቲቩ እግር ላይ ያሳርፉ፤ የሚታየው ቁጥር በመንገድ ላይ የጠፋው ቮልት ነው። እንደዚሁም ጥቁሩን ጫፍ በባትሪው ነጌቲቭ፣ ቀዩን በአምፖሉ የማሳ እግር (በመኪናው ብረት አካል በኩል ወደ ባትሪው ነጌቲቭ በሚመለሰው) ላይ አድርገው የማሳውን መንገድ ይለኩ። የሁለቱ ድምር ከ0.5 ቮልት ካልበለጠ መስመሩ ደህና ነው። ከ1 ቮልት ካለፈ ግን አንድ ቦታ ላይ ሙቀት እየተፈጠረ ነው፤ የአምፖል ብርሃን ከቮልቱ ይልቅ በፍጥነት ስለሚወርድም፣ ቮልቱ በ10 በመቶ ሲቀንስ ብርሃኑ 30 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ባለ 100 ዋት አምፖል የሚገዙ ሰዎች ከሚያማርሩበት ደብዛዛ ብርሃን አብዛኛው ከዚህ የሚመጣ ይመስለኛል፤ መስመሩ ቢጸዳ መደበኛው አምፖል ይበቃቸው ነበር።

የጠፋው ቮልት የት እንደጠፋ ለማግኘት ያንኑ ልኬት በየደረጃው ይድገሙት፤ ከባትሪ እስከ ፊውዙ መግቢያ፣ ከፊውዙ መግቢያ እስከ መውጫው፣ ከማብሪያው መግቢያ እስከ መውጫው፣ ከማብሪያው እስከ አምፖሉ። ቁጥሩ በድንገት ዘሎ የሚጨምርበት ቦታ ብልሽቱ ያለበት ነው።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ብዙ አሮጌ ቶዮታዎች የፊት መብራታቸውን የሚቀያይሩት በፖዘቲቩ በኩል ሳይሆን በማሳው በኩል ነው። ይህን ለመለየት የአምፖሉን ሶኬት ነቅለው፣ የቴስተሩን ጥቁር ጫፍ በማሳ ላይ አድርገው፣ መብራቱን ከአጭር ወደ ረጅም እየቀያየሩ ሦስቱን እግሮች ይንኩ። 12 ቮልቱ ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ከተዛወረ መኪናው የተለመደው ዓይነት ነው፤ አንዱ እግር በአጭርም በረጅምም 12 ቮልቱን ሳይለቅ ከቆየ ግን የሚቀያየረው ማሳው ነው ማለት ነው። በዚህ ዓይነት መኪና ላይ ማብሪያው በማሳው መንገድ ላይ ስለሚገኝ፣ የጠፋው ቮልት በማሳ ልኬት ላይ ጎልቶ ይታያል። ይህን ያላወቀ ባለሙያ የተለመደውን የሽቦ አሠራር ሲከተል ፊውዝ ሲያቃጥል ይውላል።

ጥገናው

ከሁሉ በፊት ማሳውን ያስተካክሉ፤ ወጪው ትንሽ፣ ጥቅሙ ትልቅ ነው። ከፊት መብራቱ አጠገብ ወደ ላሜራው የሚታሰረው የማሳ ብሎን በአዳማ አቧራና በወንጂ በኩል ባለው የክረምት ጭቃ ሥር ይዝጋል። ብሎኑን ፈትተው ቀለሙንና ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት እስከ ብሩህ ብረቱ ድረስ ይፋቁ፣ ጥርስ ባለው ሮንዴላ አጥብቀው ይሰሩት፣ ከላዩም ግሪስ ይቀቡት። ከባትሪው ወደ ላሜራውና ወደ ሞተሩ የሚሄዱትም ገመዶች እንዲሁ ይጽዱ። ፍሬን ሲረገጥ የኋላው ፍሬቻ አብሮ የሚያብለጨልጭ ከሆነም የኋላ መብራቱ ማሳ መበላሸቱ ስለሆነ ይኸው ሥራ በሻንሲው ጫፍ ይደገማል።

የቀለጠ ሶኬት አይጸዳም፤ መጨበጡን የተወ ነሐስ ተመልሶ አይጨብጥም። ሶኬቱም እግሮቹም አብረው ይቀየሩ፣ ሽቦውም ደህናው መዳብ እስኪገኝ ድረስ ይቆረጥ። ቅጥሉ በተገቢው ፒንሳ ተጨፍልቆ በሙቀት በሚኮማተር ሽፋን ይልበስ። ሁለት ሽቦ ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል በኮፈን ሥር ዕድሜ የለውም፤ የናስትሮው ማጣበቂያ በሙቀት ላብ እንዳወጣ ሆኖ ይንሸራተትና መዳቡን ራቁቱን ይተዋል። ለጌጥም ሆነ ለጭነት ተብለው ከፓርኪንግ መብራት ሽቦ ላይ የተቀጠሉ ትርፍ መብራቶችና ፓውዛዎች ካሉ ከዚያ ይነቀሉ፤ ከተፈለጉ የራሳቸው ፊውዝና ሪሌይ (በትንሽ አምፔር ታዞ ትልቁን ጭነት የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ) ይደረግላቸው።

አምፖሉ ወደ መደበኛው 60/55 ዋት ይመለስ፤ ኤልኢዲ አምፖል አነስተኛ አምፔር ስለሚስብ ማብሪያውን ያሳርፋል፣ ሆኖም ለሃሎጅን በተሠራ አንጸባራቂ ውስጥ ብርሃኑን እየበተነ ከፊት የሚመጣውን ሹፌር ዓይን ስለሚወጋ አልመክረውም።

ዘላቂው መፍትሔ ግን ሪሌይ ነው። በሪሌይ ሲሠራ ማብሪያው የሚሸከመው በሪሌዩ ውስጥ ያለውን የሽቦ ጥቅል ብቻ፣ ማለትም ከ0.2 አምፔር ያልበለጠ ይሆናል፤ የአምፖሉ ጭነት ከባትሪው በአጭር መንገድ ይሄዳል። አንድ ሪሌይ ለአጭሩ፣ አንድ ለረጅሙ መብራት ያስፈልጋል፤ ባለ 30 ወይም ባለ 40 አምፔር ይበቃል። ከባትሪው ፖዘቲቭ የሚነሣው ሽቦ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ይሁን፤ ለእያንዳንዱ ሪሌይ ባለ 15 አምፔር ፊውዝ በተቻለ መጠን ለባትሪው ቀርቦ ይቀመጥ፤ ምክንያቱም ከባትሪው እስከ ፊውዙ ያለው ሽቦ ቢላጥና ላሜራ ቢነካ የሚያድነው ነገር የለም። ይህ ሽቦ በሪሌዩ 30 ቁጥር እግር ይገባል፤ ከ87 ቁጥር ወጥቶ ወደ ሁለቱ አምፖሎች ይሄዳል፤ የአምፖሎቹ የጋራ እግርም (ለአጭሩም ለረጅሙም የሚያገለግለው) በ2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ በጸዳው ማሳ ላይ ይታሰራል።

ሪሌዩን የሚያዘው የድሮው የአምፖል ሶኬት ነው። ከአንዱ ጎን የተነቀለውን ሶኬት ወስደው የመጀመሪያውን ሪሌይ 85 እና 86 ቁጥር እግሮች (የጥቅሉን ሁለት ጫፎች) በጋራ እግሩና በአጭሩ መብራት እግር መካከል፣ የሁለተኛውን ደግሞ በጋራ እግሩና በረጅሙ እግር መካከል ያገናኙ። ይህ አሠራር መኪናው በፖዘቲቭም ይቀያይር በማሳ ያለ ለውጥ ይሠራል፤ በውስጡ ዳዮድ (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ክፍል) ያለው ሪሌይ ከሆነ ብቻ የፖዘቲቭና የነጌቲቭ አቅጣጫው መጠበቅ አለበት። የሌላኛው ጎን አሮጌ ሶኬት በሚገባ ተሸፍኖ ይታሰር። ሪሌዮቹ እግራቸው ወደ ታች ዞሮ፣ ከሞተሩ ሙቀትና ከውኃ ርቀው በፓራፋንጎው ውስጠኛ ላሜራ ላይ ይታሰሩ፤ ሽቦው በላሜራ ቀዳዳ የሚያልፍ ከሆነም ያለ ጎማ መከላከያ አይለፍ።

ሲጨርሱ ሞተሩን አስነሥተው መብራቱን ግማሽ ሰዓት ያብሩትና ማብሪያውን፣ ፊውዞቹንና እያንዳንዱን ሶኬት በእጅ ይዳስሱ። ለብ ማለት ያለ ነው፤ ጣት የማያስቆም ሙቀት ካለ ግን የቮልት ልኬቱ እዚያ ቦታ ላይ ይደገም። በጉዞ ላይ ጭስ ከታየ መብራቱን አጥፍቶ ዳር መቆምና የባትሪውን ነጌቲቭ መፍታት ይቀድማል፤ ለዚህ የሚሆን ቁልፍ ሁልጊዜ በጋቢናው ውስጥ ይኑር።

ብርሃኑ ስለሚጨምር በመጨረሻ ከፍታው ይስተካከል። መኪናው እንደወትሮው ጭነቱን እንደያዘ፣ ምክንያቱም የኋላው ሲጫን አፍንጫው ወደ ላይ ስለሚነሣ፣ በደልዳላ ቦታ ከግድግዳ 10 ሜትር ርቆ ይቁም። የአጭሩ መብራት የላይኛው ጠርዝ ከአምፖሉ መሐል ከፍታ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ ግድግዳው ላይ እስኪያርፍ ድረስ የመብራቱ ማስተካከያ ብሎን በካቻቢቴ ይዙር።