በካሪቢያን ደሴቶች መኪና ለሚከራይ ሰው፦ የመጀመሪያዋ ሰዓት

በካሪቢያን ደሴቶች ለዕረፍት ሄዶ መኪና የሚከራይ ሰው የሚገጥመው ጣጣ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠነሰሰው ውሉን ከመፈረም አንሥቶ የመጀመሪያውን አደባባይ እስኪያልፍ ድረስ ባለችው አንድ ሰዓት ውስጥ ነው። ከበረራ ድካም ጋር እየታገሉ ቁልፍ ከመቀበል ይልቅ፣ የሚቻል ከሆነ፣ የመጀመሪያውን ሌሊት በታክሲ ሄዶ አርፎ መኪናውን በማግስቱ ጠዋት መረከብ ይሻላል።

አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ደሴቱ በየትኛው ወገን እንደሚነዳበት ነው። በባርቤዶስ፣ በጃማይካ፣ በአንቲጓ፣ በሴንት ሉሲያ፣ በግሬናዳና በዶሚኒካ በግራ ይነዳል፤ በፖርቶ ሪኮ፣ በአሩባ፣ በኩራሳኦ፣ በማርቲኒክና በጓደሉፕ ደግሞ በቀኝ። የአሜሪካ ቨርጂን ደሴቶች ጉዳይ ለብቻው ነው። እነዚህን ደሴቶች ዴንማርክ እ.ኤ.አ. በ1917 ለአሜሪካ ስታስረክብ በግራ የመንዳቱ ልማድ ሳይለወጥ ቀረ፤ መኪኖቹ ግን ከአሜሪካ ስለሚመጡ መሪያቸው በግራ ነው። በዚህም ምክንያት ሾፌሩ የሚቀመጠው በመንገዱ ዳር በኩል ስለሚሆን፣ ከፊቱ ያለውን መኪና ለመቅደም ሲያስብ ከወዲያ የሚመጣውን በቀላሉ አያይም። እንዲህ ባለ ቦታ አለመቅደም ይመረጣል።

በአከራዩ ቢሮ ከአገር ይዘው የመጡት መንጃ ፈቃድ ብቻውን በቂ ላይሆን ይችላል። በባርቤዶስና በአንቲጓ ለጎብኚ የሚሰጥ ጊዜያዊ ፈቃድ የሚያስፈልግ ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ አከራዩ ራሱ ክፍያ ተቀብሎ ያዘጋጀዋል። የኪራዩና የመያዣው ዋጋ ሲነገር «የትኛው ዶላር?» ብሎ መጠየቅ አያሳፍርም፤ ሁለት የባርቤዶስ ዶላር አንድ የአሜሪካ ዶላር ሲሆን፣ ሴንት ሉሲያ፣ ግሬናዳ፣ አንቲጓና ዶሚኒካ የሚገበያዩበት የምሥራቅ ካሪቢያን ዶላር ደግሞ 2.70 ለአንድ ይመነዘራል። ስለ ኢንሹራንሱም ቢሆን «ሙሉ ሽፋን» የሚለውን ቃል ብቻ ሰምቶ መፈረም አይበቃም። ብዙ ውሎች ጎማን፣ መስታወትንና የመኪናውን ሥር ከሽፋን ውጪ ያደርጋሉ፤ አስፋልት በሌለው መንገድ ላይ የደረሰ ጉዳትንም እንዲሁ። ጥሩ ጥሩዎቹ የባሕር ዳርቻዎች ዘንድ የሚያደርሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለው ጥርጊያ መንገድ በመሆኑ፣ ይህን አንቀጽ ከመፈረም በፊት ፈልጎ ማንበብ ይገባል።

ቁልፉን ከመቀበል በፊት መኪናውን በተንቀሳቃሽ ምስል እየቀረጹ ቀስ ብሎ መዞር ያስፈልጋል። መነሻው የፊት ፓራውልቱ የታችኛው ጠርዝ ይሁን፤ ጎንበስ ካላሉ የማይታየው ጭረት እዚያ ነው ያለው። ከዚያ ስፖኪዮዎቹ፣ አራቱ ቸርኬዎች፣ የፊት መስታወቱ፣ በመጨረሻም ስኮርታው ይታያል። ስኮርታውን በዓይን ማየት ብቻ ሳይሆን ንፋስ እንዳለው በእጅ መጫንና ክሪኩና የቡሎን መፍቻው አብረው መኖራቸውን ማረጋገጥ ተገቢ ነው።

በቀኝ መንዳት ለለመደ ሰው በግራ መንዳት የሚከብደው በተጨናነቀ መንገድ ላይ አይደለም፤ እዚያ የፊተኛውን መከተል ይበቃል። ስሕተት የሚሠራው ጠዋት ከነዳጅ ማደያ ወይም ከሆቴል በር ወደ ባዶ መንገድ ሲወጣ ነው፤ እጅ ሳያስበው ወደ ለመደው ወገን ያዞራል። መሪው በቀኝ በሆነ መኪና ሾፌሩ ምንጊዜም በመንገዱ አካፋይ በኩል መሆን እንዳለበት ማስታወስ ብዙ ይረዳል። በአደባባይ ዙሪያ የሚኬደው እንደ ሰዓት ቆጣሪ አዟዟር ሲሆን፣ ቅድሚያ የሚሰጠው ከቀኝ ለሚመጣው ነው። በእነዚህ አገሮች በብዛት የሚታዩት የጃፓን መኪኖች የፍሬቻ ዘንግ በመሪው ቀኝ በኩል ስለሚገኝ፣ አዲሱ ሾፌር ሊታጠፍ ሲል በጠራራ ፀሐይ የዝናብ መጥረጊያውን ያስነሣል። የአገሬው ሰው ያንን ሲያይ እንግዳ መሆኑን ያውቅና ራቅ ይልለታል።

እንደ ሴንት ሉሲያና ዶሚኒካ ባሉ ተራራማ ደሴቶች የጉዞ ጊዜ በኪሎ ሜትር አይገመትም። መንገዱ ጠባብ፣ ጥምዝምዝና ዳገታማ ስለሆነ ትንሽ አውቶማቲክ መኪና ከግዙፍ መኪና ይልቅ ይመቻል፤ ኩርባ ላይ ከመድረስ በፊትም ክላክስ መንፋት የተለመደ ነው። ከመንገዱ ጠርዝ ጋር ተያይዞ የሚሄደው ክዳን የሌለው የጎርፍ ቦይ ግን ከኩርባውም ይብሳል። አንድ አውቶቡስ ለማሳለፍ ወደ ዳር ሲጠጉ አንድ ጎማ እዚያ ከገባ መኪናው ያለ ሰው እርዳታ አይወጣም። ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ወደ ምሽቱ 12 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች፣ ጨለማውም ፈጥኖ ይወድቃል፤ ከተራራው መንገድ ከዚያ በፊት መውረድ ያሻል።

በባሕር ዳር ጥላ ሲፈለግ ማንቺኒል ከሚባለው ዛፍ መራቅ ያስፈልጋል። ትንሽ አረንጓዴ ፖም የመሰለ ፍሬ ያፈራል፣ ግንዱም ብዙ ጊዜ በቀይ ቀለም ተቀብቶ ይታያል። ነጭ ፈሳሹ ከዝናብ ጋር ሲንጠባጠብ የሰው ቆዳ ያቃጥላል፣ የመኪናንም ቀለም ያበላሻል።

መኪናው ሲመለስ ነዳጁ በተረከቡበት ልክ ይሞላ፤ ለአውሮፕላን ማረፊያው ደግሞ ትርፍ ጊዜ ይያዝ። ለምሳሌ በሴንት ማርተን በአውሮፕላን ማረፊያው አቅራቢያ ያለው የሲምፕሰን ቤይ ተነሺ ድልድይ ለጀልባዎች ሲከፈት መኪኖች ቆመው ይጠብቃሉ። ርክክቡ ላይ ያንኑ ዙር ደግሞ መቅረጽ፣ «ጉዳት የለም» የሚል ፊርማ ያለበት ወረቀት መቀበል፣ ከባንክ ካርዱ ላይ የተያዘው ገንዘብ እስኪለቀቅም ወረቀቱን አለመጣል ያስፈልጋል።