ጂፒኤ ራስህ አስላ

ጅማ ዩኒቨርሲቲ ግሬድ ሲለቀቅ የዶርማችን ልጆች ስልካቸውን ይዘው «ጂፒኤያችንን (የሴሚስተሩን አማካይ ውጤት) አስላልን» እያሉ እኔ አልጋ ላይ ይሰፍራሉ። አካውንቲንግ ስለምማር ነው መሰለኝ። ቡና እስካመጡ ችግር የለም።

ኤ 4 ነው፤ ኤ ማይነስ 3.75፤ ቢ 3። ይህን በኮርሱ ክሬዲት፣ ማለትም ለኮርሱ በተሰጠው ክብደት፣ አባዛ። አፕላይድ ማትስ 4 ክሬዲት፣ ቢ፦ 12። እንግሊዝኛ 3 ክሬዲት፣ ኤ፦ 12። ሲቪክስ 2 ክሬዲት፣ ኤ ማይነስ፦ 7.5። ድምሩ 31.5። ለ9 ክሬዲት ሲካፈል 3.5።

ብዙዎች ክሬዲቱን ረስተው ሦስቱን ግሬድ ደምረው ለ3 ያካፍላሉ። 3.58 ይወጣና ያስጨፍራል። ሬጅስትራር ግን አብሮህ አይጨፍርም! ፓስ ወይም ፌል ብቻ የሚሰጥበት ኮርስ ስሌቱ ውስጥ አይገባም። ኤፍ ግን ነጥቡ ዜሮ ቢሆንም ክሬዲቱ ይቆጠራል።

ለሲጂፒኤ (የሁሉም ሴሚስተር አማካይ ውጤት) በክሬዲት የተባዛውን የሁሉንም ሴሚስተር ነጥብ ደምረህ ለጠቅላላ ክሬዲቱ አካፍል።