ብርሃን የሚሰነጥቅ ፕላስቲክ፦ ፕሌቱን ከማለስለስ እስከ ማተም

ብርሃን የሚሰነጥቅ፣ ማለትም ነጭ ብርሃንን እንደ ቀስተ ደመና ወደ ቀለማት የሚለያይ ፕላስቲክ ለመሥራት እያንዳንዱን መቅረጽ አያዋጣም። አንድ የብረት ፕሌት ላይ ጥቃቅን መስመር ይወጣል፤ ከዚያ ፕሌቱ እንደ ማኅተም እየተጫነ ያትማል። መስመሩን የሚያወጣው ፌምቶ ሰከንድ ሌዘር ነው፤ ብርሃኑን እጅግ አጭር በሆኑ ምቶች የሚተኩስ ማሽን ነው። ደብረ ብርሃን እኔ በምሠራበት ወርክሾፕ ይህ ማሽን የለም፤ ፕሌቱን ውጭ ላለ ላብራቶሪ እንልካለን። ማለስለሱ፣ መፈተሹና ማተሙ ግን እዚሁ ያልቃል። የምጽፈውም እንደኛ ለሚሠሩ ነው።

የማይዝግ ብረት ውሰዱ። ውሃ እያስነካችሁ በ400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ጀምሩ፤ ከዚያ 800፣ 1200፣ 2000። ቁጥር ስትቀይሩ የምትፈትጉበትን አቅጣጫ አዙሩ። የቀድሞው ጭረት ድራሹ ሳይጠፋ አትለፉ። ማሳረጊያው 1 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ) የሆነ የአልማዝ ብናኝ ያለበት ማለስለሻ ቅባት፣ ዳይመንድ ፔስት ነው። የሌዘሩ መስመር ራሱ 1 ማይክሮን ገደማ ስለሆነ፣ የተረፈች ጭረት ሁሉ አብራ ትታተማለች።

ለላብራቶሪው ስትጽፉ ጉልበት እንዳያበዙ አደራ በሉ። እኔ ከሁሉም በላይ የምጨነቅበት ይሄ ነው። ምቱ በጣም አጭር ስለሆነ ሙቀቱ ወደ ጎን ለመሰራጨት ጊዜ አያገኝም። ጉልበቱ ብረቱን መላጥ ከሚጀምርበት ልክ ብዙ ካልራቀ፣ ብርሃኑ ብረቱ ገጽ ላይ ከሚያስነሳው ሞገድ ጋር ተደራርቦ መስመሮቹ በራሳቸው ይወጣሉ። ማንም አይስላቸውም! ጉልበቱ ከበዛ ግን መስመሩ ጠፍቶ ጉድጓድና እሾህ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ መጀመሪያ ጥግ ላይ፣ ጉልበቱን ቀስ በቀስ እየጨመሩ ትንንሽ የሙከራ አራት ማዕዘኖች ይምቱ። መስመሮቹ የሚሄዱት የብርሃኑን ፖላራይዜሽን (የብርሃኑ ሞገድ የሚርገበገብበትን አቅጣጫ) አቋርጠው ስለሆነ፣ የምትፈልጉትን አቅጣጫ ከፕሌቱ ጀርባ በቀስት አመልክቱ።

ፕሌቱ ሲመለስ ወዲያው አትክፈቱት። በደብረ ብርሃን ብርድ ያደረ ብረት ሞቅ ያለ ክፍል ሲገባ ያልበዋል፤ ጠብታው ሲደርቅም እድፍ ይተዋል። እንደታሸገ ክፍሉን ይልመድ።

አሁን ፍተሻ። ነጭ ካርቶን መሃሉን በሚስማር ብሱ፤ ከፕሌቱ 10 ሴንቲ ሜትር አርቃችሁ ፊት ለፊት አቁሙት። አረንጓዴ የሌዘር ፖይንተር በቀዳዳው አሳልፋችሁ ቀጥ አድርጋችሁ አብሩ። ብረቱ መስታወት ነውና ዓይናችሁን ከጨረሩ መንገድ አርቁ። ካርቶኑ ላይ ከቀዳዳው ግራና ቀኝ ነጥቦች ታያላችሁ። መጀመሪያ በአሮጌ የመዝሙር ሲዲ ተለማመዱ፤ የሲዲ መስመሮች ርቀት 1.6 ማይክሮን ስለሆነ የመጀመሪያው ነጥብ 3.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ ያርፋል። የመስመሮቹ ርቀት እየጠበበ ሲሄድ ነጥቡ ይርቃል፦ 1 ማይክሮን ከሆነ 6.3፣ 0.9 ከሆነ 7.3 ሴንቲ ሜትር። የላብራቶሪው ሌዘር የሞገድ ርዝመት 1030 ናኖሜትር (1.03 ማይክሮን) ከሆነ ነጥቡ ከነዚህ ብዙም አይርቅም። ነጥቡ ተለጥጦ ቅስት ከሠራ መስመሮቹ ተወላግደዋል ማለት ነው። እኔ እንዲህ ያለውን ፕሌት አላትምበትም።

ማተሙ ቀላል ነው። የምናትምበት ፕላስቲክ፣ አክሪሊክ፣ 105 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ መለስለስ ስለሚጀምር ከዚያ በላይ አሙቁትና ፕሌቱን ተጫኑበት። ጫናውን ሳትለቁ በደንብ ይቀዝቅዝ፤ ትኩስ ሆኖ ከተላቀቀ መስመሩ ይተኛል። የመጀመሪያውን ቅጂ ጣሉት፣ የፕሌቱን ብናኝ ይዞ ይወጣል። ሁለተኛውን በዚያው ካርቶን ፈትሹ፤ ነጥቦቹ ፕሌቱ ካሳየው ቦታ አካባቢ ከወደቁ ማተም ቀጥሉ።