ክላሹ መኮትኮቻ ሲሆን፦ የማይንክራፍት ተኩስ ሰርቨር ችግርና መፍትሄ

"ጋሼ፣ ክላሼን ወስደው መኮትኮቻ ሰጡኝ!"

ያለፈው ቅዳሜ ማይንክራፍት የሚባለውን፣ ዓለሙ በሙሉ ከብሎክ የተሠራ ጌም ሲጫወት የነበረ ልጅ ነው። ማንም አልወሰደበትም። እጁ ላይ ያለው ያው ክላሹ ነው፣ 30 ጥይቱም አልጎደለም። ጌም ቤታችን ውስጥ ስድስት ኮምፒውተር አለ፤ ይህን ችግር በስድስቱም ላይ ስንት ጊዜ እንዳስተካከልኩ መቁጠር ከተውኩ ቆይቻለሁ። አንዴ ጽፌ ልገላገል ብዬ ነው።

ጌሙ ይከፈትላችኋል፣ ኢንተርኔት አላችሁ፣ የሰርቨሩን አድራሻ በትክክል ጽፋችኋል ብዬ ነው የምጀምረው። የማወራው ኮምፒውተር ላይ ስለሚሠራው ጃቫ ኤዲሽን ነው። ስልክ ላይ የምትጫወቱ መጨረሻ ላይ አላችሁ።

አንድ ነገር ሳይገባችሁ ምንም አትነካኩ። ማይንክራፍት ውስጥ ጠመንጃ የሚባል ነገር የለም። ሰርቨሩ፣ ማለትም ሁላችሁም የምትገቡበት ኮምፒውተር ላይ የተጫነ ፕለጊን የሚባል ተጨማሪ ፕሮግራም፣ ለምሳሌ ክራክሾት፣ አንድ ተራ እቃ ያነሳል። ያ እቃ ብዙ ጊዜ መኮትኮቻ ነው። ከዚያ ቀኝ ክሊክ ስትሉ መኮትኮት ትቶ እንዲተኩስ ያደርገዋል። የሚወጣው ጥይትም አብዛኛውን ጊዜ የበረዶ ኳስ ነው። መኮትኮቻውን ክላሽ አስመስሎ የሚያሳያችሁ ሪሶርስ ፓኩ፣ ማለትም የሥዕልና የድምፅ ፋይሎች ጥቅል ነው፤ እሱ የሚቀመጠው ደግሞ እናንተው ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ተኩሱ እዚያ ሰርቨሩ ላይ ይሰላል፣ መልኩ እዚህ ይሳላል፣ በመሀል መስመሩ ያመላልሳል። ከሦስቱ የታመመው የቱ እንደሆነ ሳያውቁ ጌሙን አጥፍቶ መጫን ጊዜ መግደል ነው።

ጠመንጃው መኮትኮቻ ሆኖ ይታያል

መጀመሪያ ሳር ላይ ቁሙና ቀኝ ክሊክ አድርጉ። ከስፖን፣ ማለትም ስትገቡ ከምትነሱበት ቦታ፣ ራቅ ብላችሁ ይሁን፤ ስፖን አካባቢ መሬቱ የተጠበቀ ስለሆነ ፈተናው ያሳስታችኋል። ሳሩ ታርሶ ቡናማ መሬት ከሆነ እጃችሁ ላይ ያለው የእውነት መኮትኮቻ ነው፣ ማለትም ፕለጊኑ ሞቷል። የባለቤቱ ሥራ ነው፤ ለእሱ ንገሩና ሻይ ጠጡ። ሳሩ ካልታረሰና ከጠመንጃው ስም አጠገብ ያለው የጥይት ቁጥር ከ30 ወደ 29 ከወረደ ግን ጠመንጃው እየተኮሰ ነው፣ የጠፋው መልኩ ብቻ ነው። በድምፅ አትፍረዱ፤ የተኩሱ ድምፅም ከፓኩ ሊመጣ ስለሚችል ዝም ማለቱ ምንም አያረጋግጥም።

ፕለጊኑ የሞተበትን ቀን አንዴ አይቻለሁ። የሰርቨሩ ባለቤት የጌሙን ቨርዥን (እትም) ቀይሮ ፕለጊኑን ሳያድስ ተኝቷል። ስምንት ልጆች ሜዳው መሀል ተፋጠው ቀኝ ክሊክ ይቀጠቅጣሉ። አንድም ሰው አልሞተም፤ ጦር ሜዳው ግን ዳር እስከ ዳር ታርሶ ለሰኔ ዘር የተዘጋጀ መሰለ።

ያ ብርቅ ነው። እኔን ዕለት ዕለት የሚያስጨንቀኝ "ኖ" የምትለዋ ቁልፍ ናት።

መጀመሪያ ወደ ሰርቨሩ ስትገቡ ጌሙ "ይህ ሰርቨር የራሱን ሪሶርስ ፓክ እንድትጠቀም ይመክራል፣ ላውርደው?" ብሎ ይጠይቃል። ልጁ የቀን ፓኬጅ ገዝቶ በስልኩ ሆትስፖት ነው የገባው። ፓኩ ደግሞ መቶ ሜጋባይት ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ "ኖ" ይላል፤ አልፈርድበትም። ክፋቱ ጌሙ ያን "ኖ" ከሰርቨሩ ስም ጋር መዝግቦ መያዙ ነው። ነገ ያልተገደበ ዋይፋይ ላይ ብትገቡም ሁለተኛ አይጠይቃችሁም። ዝም ብሎ መኮትኮቻ ያስጨብጣችኋል።

መፍትሄው ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ከሰርቨሩ ውጡ። መልቲፕሌየር ዝርዝር ውስጥ ሰርቨሩን አንዴ ብቻ ንኩት፤ ሁለቴ ከነካችሁት ይገባል። ከታች "ኤዲት" በሉ። ከስሙና ከአድራሻው ሥር "ሰርቨር ሪሶርስ ፓክስ" የሚል ቁልፍ አለ፤ "ዲሴብልድ" ሆኖ ታገኙታላችሁ። እየነካችሁ "ኢኔብልድ" አድርጉት፣ "ደን" በሉና ግቡ። የማውረጃው መስመር እስኪሞላ ምንም አትጫኑ። ምንም! ግማሽ ላይ "ቆመ" ብሎ የሚዘጋ ሰው አለ፤ እሱን ቀጥሎ አገኘዋለሁ።

ስለዚህች ቁልፍ የማልረሳው አንድ የሰፈር ልጅ አለ። ጌሙን ሦስት ጊዜ አጥፍቶ ጭኗል። በሦስተኛው ዊንዶውሱንም አስቀይሯል፣ ለቀየረለትም ከፍሏል። ያም ሆኖ መኮትኮቻ ነው። ነገሩን ስመረምር ለካ ልጁ ጠንቃቃ ነው፤ ከማጥፋቱ በፊት የሠራቸውን ዓለሞች በፍላሽ ያስቀምጣል። አብሮም የሰርቨሮቹ ዝርዝር ያለባትን "ሰርቨርስ ዳት" የምትባል ፋይል ይቀዳል። "ኖ" የተጻፈው እዚያች ፋይል ውስጥ ነው። በሽታውን በፍላሽ ይዞ ሲዞር ከርሞ በየጊዜው መልሶ ይጭነው ነበር።

"ኢኔብልድ" ብላችሁም መኮትኮቻ ከሆነ የወረደው ፋይል ተቆርጦ ሊሆን ይችላል። መስመሩ መሀል ላይ ሲጠፋ ወይም መብራት ሲሄድ የሚመጣ ነው። ኦፕሽንስ፣ ሪሶርስ ፓክስ፣ "ኦፕን ፓክ ፎልደር" በሉ። ከሚከፈተው ፎልደር አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ተመለሱ። ከቨርዥን 1.20.3 ወዲህ "ዳውንሎድስ" የሚል ፎልደር አለ፤ ከዚያ በፊት ባሉት ስሙ "ሰርቨር ሪሶርስ ፓክስ" ነው። ጌሙን ዝጉና እሱን ብቻ አጥፉ። አጠገቡ ያለው "ሴቭስ" የሚለው የሠራችሁት ዓለም በሙሉ ነው፤ እሱን አጥፍቶ እያለቀሰ የመጣ ልጅ አውቃለሁ፣ ምንም አላደረግኩለትም።

ጌም ቤት ያላችሁ ፓኩን ስድስት ጊዜ አታውርዱ። በአንዱ ኮምፒውተር አውርዱና ያን ፎልደር እንዳለ በፍላሽ ወደ ሌሎቹ ውሰዱት፤ እኔ ጋ በዚህ መንገድ ይሠራል። አልቀበል ካለ የፓኩን ዚፕ ከባለቤቱ ለምኑና እንደራሳችሁ ፓክ ከሪሶርስ ፓክስ ምናሌ አብሩት። ከ1.17 ጀምሮ ግን ባለቤቱ ፓኩን ግዴታ ማድረግ ይችላል፤ ያኔ "ኖ" ያለ ሰው ከበር ይመለሳል። ብዙ ሰው ይህን ያማርራል፤ እኔ ደስ ይለኛል፣ ቢያንስ ችግሩ ራሱን ይናገራል።

ሦስተኛው ምክንያት ቨርዥን ነው። ብዙ ሰርቨሮች በአሮጌም በአዲስም ጌም ያስገባሉ፤ መግባት ቻላችሁ ማለት ግን ፓኩ ለእናንተ ቨርዥን ተሠርቷል ማለት አይደለም። ለአንድ እቃ ብዙ መልክ የሚሰጠው "ከስተም ሞዴል ዳታ" የመጣው በ1.14 ነው፤ ከዚያ በታች ያለ ጌም አያውቀውም። በፈረንጆቹ 2024 ዲሴምበር መጀመሪያ የወጣው 1.21.4 ደግሞ የእቃ መልክ የሚጻፍበትን መንገድ ለወጠው፤ ከዚያ በፊት የተሠሩ ፓኮች እዚያ ላይ ጠመንጃቸውን አጡ። ፓኩ ለየትኛው እንደተሠራ ጠይቁና ጌሙን የሚከፍተው ፕሮግራም፣ ላውንቸሩ ውስጥ "ኢንስታሌሽንስ" ገብታችሁ በዚያው ቁጥር አዲስ ክፈቱ።

ሰርቨር ያላችሁ ደግሞ፣ እባካችሁ፣ ጥፋታችሁን በልጆች አታሳቡ። "ፓክ ዶት ኤምሲሜታ" የምትባለው ፋይል ዚፑ ሲከፈት ወዲያው መታየት አለባት። ፎልደሩን በሙሉ ዚፕ ካደረጋችሁት ፎልደር ውስጥ ፎልደር ይሆንና ጌሙ አያገኛትም፤ ውስጡ ገብታችሁ ፋይሎቹን መርጣችሁ ነው ዚፕ የሚደረገው። ድሮፕቦክስ ላይ የምታስቀምጡ፣ የሊንኩ መጨረሻ ላይ ያለውን 0 ወደ 1 ካልቀየራችሁ የሚወርደው ፓኩ ሳይሆን ድረ ገጹ ነው። የፓኩ መለያ የሆነውን የሻ 1 ኮድም ሰርቨር ፕሮፐርቲስ በሚባለው የሰርቨሩ ማስተካከያ ፋይል ውስጥ ሙሉት፤ ያለሱ ጌሙ የያዘው ፋይል ትክክለኛው መሆኑን ማረጋገጥ አይችልም፣ የሰው ዳታም በከንቱ ሊያልቅ ይችላል። ከ1.18 ወዲህ የፓኩ ጣሪያ 250 ሜጋባይት ነው ማለት 250 ሙሉ ማለት አይደለም! ለ12 ጠመንጃ ይህን ያህል ምን ይሠራል? ሥዕሎቹን አሳንሱ።

ተኩሼ መታሁት፣ አይሞትም

"ሀክ ነው"፣ ማለትም በፕሮግራም ያጭበረብራል የሚለው ክስ እዚህ ይጀምራል። አንዳንዴ እውነት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን መስመር ነው።

ከተጠበቀው መሬት ራቅ ብላችሁ አንድ ብሎክ ስበሩ። ጠፍቶ ተመልሶ ከመጣ ሰርቨሩ ወይም መስመሩ ዘግይቷል። ሌላው ሰውም እኩል ከተቸገረ ሰርቨሩ ነው፦ በሰከንድ 20 ቲክ (የጌሙ እርምጃ) መሥራት ያለበት ወደ 10 ወርዷል፣ ከእናንተ የሚጠበቅ ነገር የለም። እናንተ ብቻ ከሆናችሁ መስመራችሁ ነው። ከ1.20.2 ወዲህ ኤፍ 3ን ይዛችሁ 3 ብትጫኑ የፒንግ፣ ማለትም መልእክት ሰርቨሩ ጋ ደርሶ የሚመለስበት ጊዜ፣ ግራፍ ይወጣል። ከፍ ብሎ ግን ቀጥ ያለ ከሆነ ርቀት ነው። ሰርቨሩ ለምሳሌ ፍራንክፈርት ቢሆን፣ አዲስ አበባ እና ፍራንክፈርት በአየር 5,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ፤ ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚሄድ ደርሶ መልሱ ብቻ ከ50 ሚሊሰከንድ በታች አይወርድም፣ ገመዱ ደግሞ ቀጥ ብሎ አይሄድም። ይህን የሚያስተካክል ሞድ (ጌሙ ላይ የሚጨመር ፕሮግራም) የለም፤ "ፒንግ ቀናሽ" ብሎ የሚሸጥላችሁ ሰው ሌባ ነው። ጥይቱ የበረዶ ኳስ መሆኑን አስታውሱና የሚሮጠውን ሰው ፊት ፊቱን አልሙ።

ግራፉ እንደ ሰሜን ተራራ ወጣ ገባ የሚል ከሆነ ግን ይስተካከላል። በእኔ ልምድ ወይ ዋይፋዩ ነው ወይ አንድ ሰው እዚያው መስመር ላይ ቪዲዮ እየጫነ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ማታ ማታ ብቻ የሚመጣ ላግ (መዘግየት) አሳድጄ የደረስኩበት፣ የጌም ቤቱ ባለቤት ስልክ ፎቶዎቹን ወደ ክላውድ ሲጭን ነው። ማታ ሲመጣ ዋይፋይ ይይዛል፣ ስልኩ ሥራ ይጀምራል፣ ስድስቱም ልጆች ይሞታሉ። ኮምፒውተሩን በገመድ አገናኙ። ገመዱንም ከየትም አትግዙ፤ ጫፉ የሚላቀቅ ርካሽ ገመድ ከዋይፋይ ይብሳል።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ። ማይንክራፍት ውስጥ አንዴ የተመታ ሰው ለ10 ቲክ፣ ማለትም ለግማሽ ሰከንድ፣ በተመሳሳይ ጉዳት ድጋሚ አይጎዳም። ባለቤቱ ፕለጊኑ ላይ "ሪሴት ሂት ኩልዳውን" የሚለውን ካላበራ በሰከንድ አሥር የሚተፋ ክላሽ የሚቆጠርለት ሁለት ጥይት ነው። አውቶማቲኩ ሁሉ ደካማ፣ ስናይፐሩ ብቻ ገዳይ የሆነበት ሰርቨር ካገኛችሁ ይህን ንገሩት።

አልፎ አልፎ የሚመጡ

"ታይምድ አውት"፦ 30 ሰከንድ ያህል መልስ ጠፍቷል፤ መስመር ነው።

"ኢንቫሊድ ሴሽን"፦ ጌሙንም ላውንቸሩንም ዝጉና እንደገና ክፈቱ።

"ፌይልድ ቱ ቬሪፋይ ዩዘርኔም"፦ ብዙ ጊዜ ያልተገዛ ጌም ነው የያዛችሁት። እኔ ጋ አትምጡ።

ጠመንጃው አንድ ቦታ ላይ ብቻ አይተኩስም፦ ውጊያ የተከለከለበት ክልል ነው።

ፓኩ ሲጫን ጌሙ ይዘጋል፦ ሚሞሪ ነው። ላውንቸሩ የሚሰጠው 2 ጊጋ ከሆነና 8 ጊጋ ራም ካላችሁ 4 አድርጉት። ኮምፒውተሩ በጠቅላላው 4 ካለው አትንኩት፣ ዊንዶውሱን ታንቁታላችሁ።

ሰርቨር ቻት ላይ ማንም "ጠመንጃው እንዲታይህ ይህን ሞድ አውርድ" ቢላችሁ አታውርዱ። ፓክ ከሰርቨሩ ራሱ ይመጣል እንጂ በማያውቁት ሰው ሊንክ አይመጣም። ሞድ ፕሮግራም ነው፤ አካውንታችሁን ይዞ ይሄዳል። ከማውቃቸው ልጆች ሁለቱ አካውንታቸውን ያጡት እንዲህ ነው። አታውርዱ ብያለሁ።

ስልክ ላይ የምትጫወቱ

ቤድሮክ ኤዲሽን ላይ ሆናችሁ ጃቫ ሰርቨር የምትገቡት ብዙውን ጊዜ ጋይዘር በሚባል ድልድይ ነው። ድልድዩ የጃቫውን ፓክ በራሱ አይተረጉምም። ባለቤቱ ለቤድሮክ ሌላ ፓክ ሠርቶ የትኛው መኮትኮቻ የትኛው ጠመንጃ እንደሆነ ካላመለከተ በስተቀር እናንተ ስልክ ላይ የሚስተካከል ነገር የለም። ለእሱ ንገሩት። እስከዚያ በመኮትኮቻው ተኩሱ፤ ጥይቱ ያው ነው።